አያቴ የተፈረደባቸው ወረቀት

«ሶ፣ አሁን ዮናታን ትራንስሌት ያደርግልናል» ይላል አጎቴ ኃይለ መስቀል፣ ማይኩን እጄ ላይ እያስጨበጠኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሌክ ሲቲ ሰፈር የተከራየነው አዳራሽ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ጥብጣብ የታሰረበት ፍሬም ቆሟል፤ ውስጡ አያቴ ግራዝማች ኪዳነ ወልድ በጣሊያን ዘመን የተፈረደባቸው ወረቀት አለ። አጎቴ ከሮም ኮፒውን አስመጥቶ፣ ማንም ሳያነበው ፍሬም አስደረገው። ማኅተም ያለው ነገር እኛ ቤት አይነበብም፤ ይሰቀላል።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንዲት ልጅ ተከትዬ ጣልያንኛ ተምሬያለሁ። ልጅቷ ሄደች፤ ቋንቋው ግን ትንሽ ቀርቷል።

«በጦር መሣሪያ ውንብድና፣ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት» ብዬ አነባለሁ።

እልልታው ይቀልጣል። «ጣሊያን አርበኛውን ሁሉ ወንበዴ ነበር የሚለው!» ይላል አጎቴ። እውነቱን ነው። እኔም ይህንኑ ልደግም አፌን ስከፍት ዓይኔ የሚቀጥለው መስመር ላይ ያርፋል።

የተዘረፈው የጣሊያን ካሚዮን አይደለም። ከገበያ የምትመለስ የአንዲት መበለት አህያና ሁለት ስልቻ እህል ነው። አልሰጥም ስትል ተከሳሹ ተኩሶ ግራ እጇን መትቷታል። ምስክሮቹ የገዛ መንደሯ ሰዎች ናቸው። ስሟ ማንአልሞሽ።

ነጻነት ሲመጣ ከዚያ እስር ቤት የወጣ ሁሉ አርበኛ ተብሎ ነው የወጣው። አያቴም።

ከፊት ወንበር እማማ የኔነሽ ተቀምጠዋል። ከኬንት ከተማ ድረስ የመጡት የአያቴ አገር ሰው ስለሆኑ ነው። «እናቴን ማንአልሞሽን ጣሊያን እጇን በጥይት መትቷት፣ በአንድ እጇ ነው ያሳደገችኝ» ሲሉ በየማኅበሩ ያልሰማቸው የለም። ዘንድሮ ለሲትዝንሺፕ ፈተና ብለው በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ኤቢሲዲ ቆጠሩ። የራሳቸውንና የእናታቸውን ስም በዚሁ ፊደል የጻፉበትን ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ላገኙት ሁሉ ያሳያሉ።

«ጨርሰው እንጂ!» ይላል አንዱ ከኋላ። «ባትሪ ዘጋህ እንዴ?»

ይሳቃል። እማማ የኔነሽ ግን አይስቁም፤ አፌን ያያሉ።

«አያቴ...» እላለሁ። ማይኩ ያፏጫል። «አያቴ የጣሊያን ስንቅ በጫነ ካሚዮን ላይ አደጋ ጥለው... አንድ መኮንን እጁን መቱ።»

ለምን እጁን እንዳልኩ አላውቅም። ሰው ሲዋሽ እንኳ ከራሱ ያወጣል፤ እኔ ከወረቀቱ ገለበጥኩ።

አዳራሹ ይናወጣል። አጎቴ ይንሰቀሰቃል። እማማ የኔነሽ ከመቀመጫቸው ተነስተዋል።

«እሰይ! የእናቴን እጅ አስከፈሉልኝ!»

ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ መድረኩ ይወጣሉ። ክርናቸውን እይዛለሁ። «እማማ ይቀመጡ፣ በኋላ ቤት ድረስ አመጣልዎታለሁ።»

«ተወኝ ልጄ፣ ልሳመው።»

መስታወቱን ሦስት ጊዜ ይስሙታል። ትንፋሻቸው የጣለበትን ጉም በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ያወጣሉ።

«በጣልያንኛ ነው እማማ፣ አይገባዎትም» እላለሁ።

«ፊደሉ ያው አይደል እንዴ?»

ጣታቸው መስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር። ድንገት ይቆማል።

«ኤም...» ይላሉ።

ማይኩን ማጥፋት ረስቻለሁ። «ኤ...» ድምፃቸው ከአራቱም ማዕዘን ይሰማል። ለሲትዝንሺፕ የተማሩትን የሚያሳዩ መስሎት ሰዉ በየፊደሉ ያጨበጭብላቸዋል።

«ኤን...»