አራት ሚሊ ሜትር የጥር ዝናብ

ዲቦራ ለሰባተኛ ቀን መዝገቡ ላይ «አራት ሚሊ ሜትር» ብላ ጻፈች። ወሩ ጥር ነው። ጋምቤላ ከተማ ላይ ከኅዳር ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የዝናብ መለኪያውን የሠሩት የኮሌጁ የጂኦግራፊ መምህር ወንዳፍራሽ ናቸው። የውሃ ሃይላንድ አፉን ቆርጠው፣ ማስመሪያ አስረውበት፣ ከቢሯቸው ጀርባ በዚህ ሐሩር እንኳ ከለመለመችው የማንጎ ችግኛቸው ሥር ተከሉት። ዲቦራ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አይታ ትመዘግባለች፣ ያለውን ውሃ ትደፋለች። ሥራው ከመቶ ሃያውን ይይዛል። ሃያው ከቀረ ዲፕሎማዋ ይቀራል፤ ኢታንግ ወረዳ የሚጠብቃት የአስተማሪነት ሥራም አብሮ ይቀራል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ መምህሩ ክፍል ውስጥ መዝገቡን ገልጠው። እንደ ልማዳቸው ባዶ ሃይላንድ በብብታቸው ይዘዋል። «ባሮ ራሱ ይስቅብሻል!»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ቲቸር።»

«ሰማዩን በየማለዳው አየዋለሁ። አንዲት ደመና የለችም!»

ይህስ እውነት ነው። መምህሩ ሲሄዱ ሰማይ ሰማዩን እንጂ መሬት አያዩም። ባለፈው ወር ብቻ የዘበኛው ወንበር ሁለቴ ጥሏቸዋል።

ከኋላ ኦቻላ ተነሣ። ክፍሉን ካላሳቀ ምሳ አይበላለትም።

«ቲቸር፣ እሷን ይተዉአት። እኔ ነኝ ጸልዬ ያዘነብኩት።»

ሁሉም ሳቀ። ዲቦራ ብቻ አልሳቀችም። ውሃውን የሚጨምረው ማን እንደሆነ አሁን ገባት።

«እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ» አሉ መምህሩ። «እውነተኛ ቁጥር፣ ወይም ከሃያው ዜሮ።»

ሐሙስ ከክፍል ስትወጣ በፌስታል ያመጣችውን አመድ መለኪያው ዙሪያ በስሱ ነሰነሰችው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ አራት ሚሊ ሜትር ጠበቃት። አመዱ ላይ ደግሞ የጫማ ዱካ አለ፤ ተረከዙ መሃል ላይ ኮከብ።

«ኦቻላ፣ ዛሬ አለቀልህ» አለች በሆዷ። ዱካውን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ይዛ ገባች።

መምህሩ ፎቶውን ሲያዩ ደስታቸው ልክ አጣ። «ይሄ ነው ጂኦግራፊ! እግር ወደ ላይ!»

ሠላሳ ሁለት ተማሪ ተቀምጦ እግሩን አነሣ። መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎንብሰው በየመደዳው ሄዱ። ሲሊፐር፣ በረባሶ፣ ኮንጎ ጫማ። የኦቻላ ጫማ ሥሩ ተበስቷል።

«ቲቸር፣ ኮከቡ በቀዳዳው በኩል ይታያል?»

አልታየም። የማንም ጫማ ላይ ኮከብ የለም። መምህሩ ወደ ዲቦራ ዞሩ።

«ጫማ ለውጠሽ ራስሽ ነሽ የረገጥሽው።»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ቲቸር—»

«በቃ! ሁሉም ይማርበት።»

ማንጎዋን የሚያጠጡበትን ባዶ ሃይላንድ ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ጠመኔ አነሡ። አጭር ሰው ናቸው፤ ግን ከሰሌዳው አናት ላይ ካልተጻፈ ለኋላ ወንበር አይታይም ብለው ያምናሉ። ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው፣ በእግራቸው ጣቶች ቆመው፣ ተንጠራርተው «ዲቦራ፦ ዜ» ድረስ ጻፉ።

ከተነሣው ተረከዛቸው ሥር አመድ የለበሰ ኮከብ ሠላሳ ሁለቱንም ተማሪ ፊት ለፊት ያያቸው ነበር።