ሰፊው ጋዋን

አለቃው ቢሮው አስጠራት። ዛሬ የሙከራ ጊዜዋ ያበቃል፤ በብስኩት ፋብሪካው የሙከራ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረራል።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቋሚ ሆነሻል" አላት። "ደብዳቤሽን እስክፈርም ልብስ ሰፊዋ እትዬ ብርቄ የቋሚ ሠራተኛ ልብስ ይለኩሽ። ይሄ ድንኳን የሚያክል ጋዋንማ ይብቃሽ።"

የጋዋኑን ጫፍ ጨበጥ አደረገች። ሌሎቹ የሙከራ ሠራተኞች የሚጠሉትን ጋዋን እሷ ብቻ ትወደው ነበር።

እትዬ ብርቄ እዚያው አለቃው ፊት ሜትራቸውን ከጋዋኑ ስር አስገብተው ወገቧን ሲለኩ፣ በመቀነት ጥፍር አድርጋ ባሰረችው ሆዷ ውስጥ ፅንሱ ተንፈራገጠ። እጃቸው ቀጥ አለ። ቀና ብለው አዩዋት።

"በእመቤቴ" አለቻቸው፣ ድምፅ ሳታሰማ።

"ስንት ሆነ?" አለ አለቃው፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

"መጀመሪያ ይፈርሙ" አሉት። "እኔ ገና ላልተቀጠረ ሰው ጨርቅ አልቆርጥም።"