ሳይወለድ የጠጣ ባቡር

ፈንታሁን በሀይላንድ ውሃ ጫማውን ያጥባል። ውሃቸውን የሰረቀውን ሊያወጡ በተሰበሰቡ ሰዎች ፊት ጠርሙሱን ዘቅዝቆ የቆዳ ጫማውን አቧራ ያስለቅቃል።

አለቃዬ ነው። ከአዲስ አበባ አብረን የመጣነው በመካነ ሰላም በኩል ሊያልፍ ለታሰበው ፈጣን ባቡር ነው። ለሐዲዱ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቀን አንስቶ ሐዲዱ ተነቅሎ ለቁራሌው እስኪሰጥ ድረስ፣ ባቡሩ በዕድሜ ዘመኑ አገሩን ምን እንደሚያስከፍለው እናሰላለን። በስሌታችን ጻድቅ ነው፤ አይጨስም፣ ነዳጅ አይጠጣም። እዚህ ግን አይቆምም። በተራራው ሆድ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ለዚያ ዋሻ ጥናት ተብሎ ባለፈው በጋ ተራራው ተቆፈረ፤ ከዚያ ወዲህ መንደሩ የሚጠጣው የአቦ ምንጭ ጠብ አላለም።

ፈንታሁን ስብሰባው ለሪፖርቱ ፎቶ የሚሆን የማኅበረሰብ ውይይት መስሎታል። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ አይጠፋኝም፤ አውጫጭኝ ነው። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ከተቀመጠበት አይነሳም፤ እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውንና የጠረጠረውን ምሎ ይናገራል። የሚመሩት አጎቴ መሪጌታ ዘማርያም ናቸው።

የሁሉም ጣት ገበሬው አለኸኝ ላይ ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ማሳው ኩሬ ቆፍሯልና ውሃውን ጠልፎታል ይላሉ። የልጁ ክርስትና እናት አበቡ እንኳ ዓይኑን ሳታይ እንደምትጠረጥረው ተናገረች።

«እኔ የያዝሁት የክረምቱን ጎርፍ ነው» ይላል አለኸኝ። ከተፈረደበት የሚመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳት የሚያስጭረው፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ ሬሳ የሚያነሳለት ጎረቤት አይኖረውም።

የፈንታሁን ፊት በራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጥሩ ነው፣ የአካባቢ የውሃ ግጭት ብለን እናልፈዋለን አለኝ። ቁፋሮውስ ብዬ ጠየቅኩት።

«ባቡሩ ገና አልተወለደም» አለኝ። «የእኛ ስሌት ከልደቱ ነው የሚጀምረው። ሳይወለድ ማንን ይበድላል?»

አፉ ማስቲካ ማስቲካ ይሸታል። እንዲህ ያለው ብልጠት ከስድብ ይልቅ ያስጠላኛል፤ ተሳዳቢ ቢያንስ የሚሰድበውን ሰው አይቶ ነው።

ተራው ሲደርስ ተነሳና ነገሩ ድርቅ መሆኑን፣ ደግሞም ኩሬው ቢጠና መልካም እንደሆነ በባለሙያ ወግ አስረዳ። አለኸኝን በስሙ አልጠራውም። አላስፈለገውም።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ አላሉኝም።

«አንችስ ምን አየሽ?»

አውጫጭኝ ለፈሪም መውጫ አለው፤ ወፍ ነገረችኝ ካለ፣ ወፏ ማን እንደሆነች የሚጠይቀው የለም። ወፏ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። እንጀራዬን አሰብኩ። የፈንታሁንን ጫማ አየሁ፣ ያብረቀርቃል።

«ወፍ የለችበትም። ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። መሰርሰሪያው ተራራውን የበሳ ዕለት ውሃው ከጉድጓዱ ፈንድቶ ወደ ገደሉ ሲወርድ ቆሜ ማየቴን፣ ፈንታሁንም አጠገቤ እንደነበር፣ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ እንደወረደ ተናገርኩ። አለኸኝ የለበትም ብዬ ተቀመጥኩ።

አበቡ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ፈንታሁን ወደ መኪናው ሊሄድ ተነሳ፤ መንገድ የዘጋበት የለም። ሹፌራችን ይሄነው ግን የዚሁ አካባቢ፣ የአቀስታ ልጅ ነው፤ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጧል፣ አውጫጭኝ ሳያልቅ እንደማይነሳም ነገረው።

ፈንታሁን ተመልሶ ተቀመጠ። አጎቴ ሕጉን አስታወሱት፤ የሰረቀ ይመልሳል።

«ምንጩን መልሱና በሰላም ግቡ» አሉት።

ባቡሩ በመቶ ዓመት ውስጥ ስለሚሰጠው ጥቅም ማስረዳት ጀመረ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሐል ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሀይላንዱን አነሳ፤ ባዶ ነው፣ ጫማው ላይ አልቋል። ግራ ቀኝ አየና ውሃ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።

ውሃ የለመነ አይከለከልም። ከጀሪካኑ በጣሳ ቀድቶ የመጣው አለኸኝ ነው። ከኩሬው የቀዳውን ነው፤ በሁለት እጁ አቀረበለት።

«አብሽር፣ ጠጣው» አለው። «ልጆቼም እሱኑ ነው የሚጠጡት።»

ፈንታሁን ጣሳውን ይዞ ወደ ውስጥ ያያል። በደፈረሰው ውሃ ላይ አንዲት ቀጭን ትል እየተጥመለመለች ትዋኛለች። ሁላችንም እስኪጠጣ እንጠብቃለን።