ወደ ጎን ቀንሺው

«የረምዚያ ልጅ ከሳች?» እማማ መብሩካ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ኧረ ተይ አንቺ! እሷን ያዘልኩ ቀን ወገቤ ሦስት ቀን ሲያመኝ አይሰነብትም እንዴ?»

ሮዳስ ከላፕቶፑ ቀና አትልም። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ ወደ ዓለም ገና ከተማ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ፣ የተከራየችውም እዚሁ እማማ መብሩካ ግቢ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ የከሳች ሕፃን ካለች ከነእናቷ አሳፍሮ ሰበታ ሐኪም ጋ ይወስዳል። የሚያሳፍረው ደግሞ ሮዳስ ዝርዝር ላይ ያለችውን ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ያለችው አንድ ናት። የረምዚያ ልጅ።

እማማ መብሩካ ጎንበስ ብለው የሕፃናቱን ሁሉ ሰንጠረዥ ያያሉ። ስምና ቁጥር፣ አጭር ቃልም ለይተው ያነባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት አልዘለቁም። ከሁሉም በላይ የሊቤ ልጅ ስም አለ። አጠገቡ «ደህና» ይላል።



የዚህ ሰፈር ጉድ በእሳቸው አፍ ሳያልፍ ቀርቶ አያውቅም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ሠርግ ለምን እንደተራዘመ፣ ሁሉንም አውርተዋል። ይቺን አንዲት ነገር ግን ዋጥ አድርገው ይዘዋታል። ባለፈው ሳምንት የሊቤን ልጅ ላጥባት ብለው ሦስት ሹራብ ቢገልጡ፣ ከሥሩ የጎድን አጥንት ብቻ። ሊቤ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ጡቴ ደርቋል እማማ። ሰው ከሰማ ልጇን ማሳደግ ያቃታት ይለኛል። በአላህ፣ ለማንም!» «ወላሂ» አሉ። ወላሂ ካሉ ደግሞ አለቀ።

ስለ ረምዚያ ልጅ ግን ማን አስማላቸው?

«ማሽንሽ ዋሽቷል» ይላሉ።

«የሒሳብ ፕሮግራሙ አይዋሽም፣ እማማ። ስንት የተማረ ሰው የሚሠራበት ነው።»

«እንግዲያው ረምዚያን ልጥራልሽ። ልጅቱን ጭንሽ ላይ አስቀምጪና ሥሪ፤ እግርሽ ካልደነዘዘ እኔ መብሩካ አይደለሁም። ለመሆኑ እንዴት አድርገሽ ነው ያሰላሽው?»

ሮዳስ እየሳቀች ታሳያቸዋለች። «ስድስት ሕፃን፣ ሁሉም ሴት፣ በአንድ ወር የተወለዱ። ለእያንዳንዷ አንድ መስመር። ወደ ጎን ስድስት ወር፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ነርስ በየወሩ የመዘነቻቸው ነው። ሴት ልጅ በአንድ ወሯ አራት ኪሎ ምናምን፣ በስድስት ወሯ ሰባት ምናምን ትሁን ይባላል። እሱን ከክብደታቸው ቀነስኩና አማካዩን አወጣሁ።»

«የረምዚያ ልጅ በአንድ ወሯ ስንት ነበረች?»

«አምስት ኪሎ። ጎበዝ ነበረች።»

«ከዚያ ላይ ስንት ቀነሰባት?»

ሮዳስ ጣቷን መስመሩ ላይ ታስኬዳለች። «ሰባት ኪሎ ምና…»

«የአንድ ወር ጨቅላ ከስድስት ወር ልጅ ጋር ታታግሊያለሽ? አታፍሪም?»

«ወደ ታች ነው የሄደው!» ሮዳስ ራሷን ትይዛለች። «እኔ በየወሩ ወደ ጎን እንዲቀንስ ፈልጌ፣ እሱ በየልጁ ወደ ታች አደለው። ለመጀመሪያዋ ልጅ በሁሉም ወር የአንድ ወሩን፣ ለመጨረሻዋ፣ ለረምዚያ ልጅ፣ በሁሉም ወር የስድስት ወሩን። ስድስት ልጅ፣ ስድስት ወር፣ ልክ ገጠመለትና ትንፍሽ አላለም!»

«እንዲህ ያለች አማት ነበረችኝ። ስታጠፋ ድምፅ የላትም።» ወደ ላፕቶፑ ይጠጋሉ። «በይ፣ ወደ ጎን ቀንሺው።»

ሮዳስ አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፋለች። ኢንተርን ትጫናለች።

የረምዚያ ልጅ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ልጅ ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ወሯም፣ ሦስት ወሯም፣ ስድስት ወሯም ከዜሮ በታች፤ ከሚገባት ክብደት ሁሌም ያነሰች።

«ሊቤ…» ትላለች ሮዳስ በቀስታ። ዞር ትላለች። እማማ መብሩካ የሻሻቸውን ጫፍ እየፈተሉ ግድግዳ ያያሉ። ዓይናቸው ሞልቷል።

«ያውቁ ነበር፣ እማማ?»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ። ማሽኑ ነው የተናገረው።»

ሮዳስ እጃቸውን ጨበጥ አድርጋ ወደ ሊቤ ቤት ትሮጣለች።

መኪናው ሲደርስ ግን ሌላ ጣጣ። ከሊቤ በራፍ ፊት ለፊት የሰፈሩ ውኃ ቦኖ ላይ ስምንት ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው በሩ ላይ። ሊቤ ከመጋረጃው ኋላ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ሮዳስ ብትለምናት፣ ብትጎትታት፣ እግሯ አልነሣ ብሏል።

እማማ መብሩካ ይህን ከደጃቸው ያያሉ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከቦኖው ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጣራሉ።

«ኮታ! ኑ እናንተ፣ ጉድ ልንገራችሁ!»

ሴቶቹ ይነሣሉ፤ እማማ መብሩካ ጉድ ካሉ ማን ይቀመጣል? ፊት ለፊታቸው ተደርድረው ይጠብቃሉ። እሳቸው ግን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወሩት ጠፋቸው።

«ላገባ ነው» ይላሉ የሰባ ሁለት ዓመቷ እማማ መብሩካ።

«ማንን? ኧረ ማንን?»

ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ ቧንቧውን የሚዘጋ የለም። ስምንቱም ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ ከጀርባቸው ሊቤ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ውኃውን በእግሯ እያቋረጠች መኪናው ውስጥ ትገባለች።