አምስተኛው እንጨት

ዪሊን ከእጁ ሲበትናቸው አምስቱ የቁማር እንጨቶች ሰፌዱ ላይ ይንከባለላሉ። አያቱ እማማ ሹዌን የቅጠል ቅርጫታቸውን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመው ቀርተዋል።

«ምን አስይዘህ ነው?» ይላሉ በሹክሹክታ።

ከግድግዳው ወዲያ የሐር ትሎቹ ድር መሥራት ከመጀመራቸው በፊት ያለውን የመጨረሻውን ዙር እየበሉ ነው፤ ሲያኝኩ ካፊያ ጣራ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። በዚህ ሰሞን እዚህ ቤት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው። ትል ከደነገጠ መብላት ይተዋል፤ ካልበላ ሐር የለም፤ ሐር ከሌለ ደግሞ ብርዱን የሚያሻግር ነገር የለም። እማማ ሹዌን ሳላቸውን እንኳ በእጅጌያቸው አፍነው ነው የከረሙት።

መልሱ የሚመጣው ከዶንግ ነው፤ ከማዶ መንደር ከመጣው ቅጠል ነጋዴ። «የእንጆሪ ዛፎቹን ነዋ፣ እማማ። ከነገ ጀምሮ ቅጠል ሲያምርዎት እኔ ጋ ብቅ ይበሉ። ለእርስዎማ አልጨክንም።»

«አንተ ልጅ፣ ትሎቹ ነገ ምን ሊበሉ ነው? አባትህ መቃብር ላይ ምለህልኝ አልነበር?»

«አያቴ፣ አሁን አታናግሪኝ።»

እንጨቶቹ አንዱ ጎናቸው ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነው። አምስቱም ጥቁሩን ጎን ወደ ላይ አድርገው ካረፉ «ሉ» ይባላል፤ ሉ የጣለ ሁሉንም ይወስዳል። ተጫዋቹ እንጨቱ እስኪያርፍ «ሉ» እያለ ይጣራል፣ የሚሰማው ይመስል። ቁማር ልቡን የሰለበውን ሰው አገሩ ሁሉ «ሉ ጠሪ» የሚለው ከዚሁ ተነስቶ ነው። የዪሊንን አባትም እስኪሞት ድረስ ሲሉት ኖረዋል።

አንዱ በጥቁር ያርፋል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛውም ጥቁር። አምስተኛው ጫፉ ላይ ቆሞ እንደ እንዝርት ይሾራል።

«ነጭ፣ ነጭ፣» ይላል ዶንግ በጥርሱ መሃል።

ዪሊን አፉን ከፍቷል፤ ድምፁ ግን እምቢ ብሎታል። እንጨቱ ነጩን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ሊጋደም ያዘነብላል።

«ሉ!»

ጩኸቱ ከበሩ ነው የመጣው። እንጨቱ ይንገዳገድና ይገለበጣል። ጥቁር።

«ለካ እማማም ያውቁበታል፣» ይላል ዶንግ፣ ፊቱ ዓመድ መስሎ።

ዪሊን ዓይኑ በርቶ እንጨቶቹን መልሶ ይሰበስባል። «አያቴ፣ አንዴ ብቻ። አጠገቤ ቁሚልኝ።»

እማማ ሹዌን ቅርጫቱ መቼ ከእጃቸው እንዳመለጠ አያውቁም። ቅጠሉ እግራቸው ስር ተበትኗል፤ ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ አየር ላይ ቀርቷል። ከግድግዳው ወዲያ ካፊያው ቆሟል።