ሰማንያ ጊጋባይት ኦርኬስትራ

አቤ የሙዚቃ አቀናባሪ ለመሆን የቆረጠው ኮምፒውተር ካገኘ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን የገዛችለት ታላቅ እህቱ ሥርጉት ናት። ሥርጉት ደሴ ፒያሳ ፀጉር ቤት ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሠራለች፤ ዕቁብ ሲደርሳት ለራሷ ጫማ እንኳ ሳታስብ ለወንድሟ አዋለችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲያቀናብር፣ እሷ ስታበላው ኖሩ።

በ2007 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ አንድ ፋብሪካ ሊመረቅ ሆነና የምረቃ ኮሚቴው የሙዚቃ ውድድር አወጣ። ሙዚቃው ግጥም የሌለው፣ በኦርኬስትራ የተቀነባበረ፣ በዚያ ላይ ልማታዊ መሆን አለበት። ግጥም የሌለው ሙዚቃ እንዴት ልማታዊ እንደሚሆን ኮሚቴውን ደፍሮ የጠየቀ አልነበረም። አሸናፊው በፋብሪካው በቋሚነት ይቀጠራል።

«ይሄ ካልሆነ ኩታበር ሂደህ ከአጎታችን ጋር ታርሳለህ» አለችው ሥርጉት። «እግሬ አብጧል። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ኦርኬስትራ ደግሞ ያለው ሂሻም ሱቅ ውስጥ ነው። ሂሻም ሶፍትዌር እየገለበጠ ይሸጣል፤ እግረ መንገዱንም ሙዚቃ ያቀናብራል። ለአቤ ሦስት ዓይነት የኦርኬስትራ ሶፍትዌር አቀረበለት። ትንሹ ቫዮሊን ብቻ ነው። መካከለኛው ላይ ዋሽንትና መለከት ተጨምሯል። ትልቁ ሰማንያ ጊጋባይት ነው፤ የሌለበት ነገር የለም።

«ለጀማሪ ትንሹ ይበቃል፣ ወላሂ» አለ ሂሻም። «ያንተ ኮምፒውተር ትልቁን አይችለውም። መጀመሪያ አራት ቫዮሊን ማስማማት ተማር፣ አብሽር፣ ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ለዚህም ነው አቤ የጠረጠረው። ሂሻም ራሱ ለውድድሩ ተመዝግቧል፤ ተወዳዳሪ ለተወዳዳሪ በጎ የሚመክረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

«ትልቁን ገልብጥልኝ።»

«ኧረ ተው አቤ፣ ይቅርብህ።»

«ትልቁን አልኩህ እኮ!»

የሂሻም ፊት ጠቆረ። ሆኖም ደንበኛ ነውና ገለበጠለት። መብራት እየሄደ እየመጣ ሁለት ቀን ፈጀ።

ቤት ሲደርስ ነገሩ ሂሻም እንዳለው ሆነ። አቤ ቫዮሊኑን ሲከፍት ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል። መለከቱን ሲከፍት እንደ ወፍጮ ያጓራና ጭራሽ ይጠፋል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተናነቁ። ሲሰለቸው የሶፍትዌሩን ፎልደሮች እየከፈተ መጎርጎር ያዘ። አንድ ቀን ከሰዓት የኮምፒውተሩ ማጓራት ቆመ፤ አቤ እያፏጨ ከክፍሉ ወጣ።

«አለቀ!»

ሥርጉት የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች። ቫዮሊኖቹ ተነሱ፣ መለከቶቹ ተከተሉ፣ ከበሮው እንደ ክረምት ዝናብ ወረደ። ሥርጉት አለቀሰች። ቆማ የዋለችበት ቀን ሁሉ በከንቱ እንዳልቀረ ያን ጊዜ አመነች።

«አንተ ነህ ይሄን የሠራኸው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ቫዮሊኑ አልከፈት አለኝ ስትል አልነበር?»

«ተገራ» አላት።

የቀረው ማስተካከል ብቻ ነበር። ከመጨረሻው ላይ ጥቂት ቆረጥ አደረገ፤ «ህዳሴ በወሎ ሰማይ» የሚል ስም አወጣለት፤ ፍላሽ ላይ ጭኖም ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። በዚህ መሀል ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሳ አለ። የሚያስጠግነው ሂሻም ዘንድ ብቻ ነው፤ ወስዶ ሰጠው፤ እዚያው አደረ።

በማግስቱ ሲወስድ ሂሻም ዓይኑን ሸሸት አደረገ። «የውድድሩን ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ።»

«በዚች ኮምፒውተር?» አለ ሂሻም።

«ሙዚቃዬን ገልብጦታል» አላት አቤ ለእህቱ። «ዓይኑን ብታይው! ይሄ ሌባ ገልብጦታል።»

የውድድሩ ዕለት ወንድምና እህት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ገቡ። ሥርጉት ለሰው ሰርግ የምታወጣውን ቀሚሷን ለብሳለች። አዳራሹ ሞልቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስለ ልማት ረዘም ያለ ንግግር ካደረጉ በኋላ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሥራ ተከፈተ፤ የሂሻም «የልማት ማዕበል»።

ቫዮሊኖቹ ተነሱ፣ መለከቶቹ ተከተሉ።

አቤ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ሌባ! የእኔ ነው! ኮምፒውተሬ እሱ ጋ አድሮ ነበር!»

ፍላሹን ከአንገቱ በጥሶ ሰጠ። ተከፈተ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። አዳራሹ በጩኸት ተናጠ።

«ምን ትላለህ?» አሉት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሂሻምን።

ሂሻም አንገቱን ደፋ። «ከእሱ አልወሰድኩም እትዬ፣ ወላሂ።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ሂሻም ወደ በሩ ተመለከተ።

«አንተስ ትምላለህ?» አሉ ወደ አቤ ዞረው።

«በማተቤ!» አለ አቤ።

ሁለት ጥበቃዎች ሂሻምን ክንዱን ይዘው አስወጡት። የሥርጉት እልልታ አዳራሹን ሞላው፤ ያበጠ እግሯንም ረስታ ዘለለች። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የአቤን እጅ ጨበጡ። ከዚያም ለደንቡ ያህል ሦስተኛው ይደመጥ አሉ፤ ከቦሩ ሜዳ ሲዲ ልኮ ራሱ ያልመጣ፣ ደሴ ላይ ማንም የማያውቀው ወንድምአገኘሁ የሚባል ሰው ሥራ ነው።

ቫዮሊኖቹ ተነሱ፣ መለከቶቹ ተከተሉ፣ ከበሮው ወረደ።

ሥርጉት እልልታዋን አቆመች።

ሙዚቃው ሲያበቃ መጨረሻው ካልተቆረጠው ሲዲ ውስጥ አንዲት ሴት ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ሶፍትዌሩን ስለገዙ አመስግና፣ አሁን ያደመጡት ከሶፍትዌሩ ጋር ለማሳያ በነፃ የሚሰጥ ሙዚቃ መሆኑን ለአዳራሹ አበሰረች።