በሁለቱም በኩል የሚገባው ኬብል

ሻጩ ሁለቱን ማዳመጫዎች ከነማስቀመጫቸው ለእኔና ለአባቴ የባንኮኒው መስታወት ላይ አቀረበልን። ሁለቱም ገመድ አልባ ናቸው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገቡ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ። ልዩነታቸው ቻርጅ የሚደረጉበት ላይ ነው አለን። አንደኛው የሚሠራው በድሮው ኬብል ነው፣ ሌላኛው በአዲሱ፣ በታይፕ ሲ። የድሮው ከገበያ እየወጣ ስለሆነ ዋጋው ወርዷል፤ ድምፁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአዲሱ ይሻላል።

እኔ ልቤ ወደ ድሮው አደላ። የአባቴ ስልክም ሬዲዮም ቻርጅ የሚደረጉት በዚያው ነው፤ ኬብሉም ቤት ውስጥ ሞልቷል። ሌላ ዓይነት ጨምሮ ምን ሊያደርግ? ይህንኑ ነገርኩት።

"ቆይ፣ አታጣድፊኝ" አለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ መጣደፍ አይወድም። ባለፈው ሳምንት፣ ማንበብ ሰልችቶኛል፣ መጽሐፍ ሲነበብ የምሰማበት ነገር ግዢልኝ ሲለኝ፣ በስተርጅና ሰነፍክ ብዬ ስቄበታለሁ።

ሁለቱንም ኬብል እንዲያቀብለው ሻጩን ጠየቀው። የድሮውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ማስቀመጫውን በግራው አገላበጠና ቀዳዳውን በጥፍሩ ፈልጎ አገኘ። ሊሰካው ሞከረ፤ አልገባም። ገለበጠው፤ አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ብረቱ ፕላስቲኩን ሲጭረው ሰማሁ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ጊዜ እጁን አላየም፤ ፊቱ ወደ ሻጩ ነበር።

"አምጣ አባዬ፣ እኔ ልሰካው።"

"ቤት ስሆንስ ማን ይሰካልኛል? ስልኬን ስሰካ እንኳ ግማሽ ቀን ይሄዳል" አለ። ቁጣ አልነበረበትም።

ታይፕ ሲውን አነሳ። ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ላይና ታቹ አንድ ነው። ሰካው፣ ጠቅ ብሎ ገባ። ነቅሎ ገለበጠና እንደገና ሰካው፤ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜም ሞከረው፣ ለደስታው ያህል ብቻ።

"ይሄ ይሁንልኝ።"

ሻጩ ከመደርደሪያው ሁለት ካርቶን አውርዶ እጁ አጠገብ አስቀመጠና የትኛውን ቀለም እንደሚመርጥ ጠየቀው።

"ምን ምን ቀለም አለ?" አለ አባቴ።

ሻጩ እኔን አየኝ። እኔ ካርቶኖቹን አየሁ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ ከጣቶቹ አንድ ስንዝር አይርቁም። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው አፍ ላይ የሚያደርገው ትዝ አለኝ። ጋዜጣ መግዛት ያቆመው ውሸት በዛበት ብሎ ነበር፣ አምኜዋለሁ። ዛሬም ስንመጣ አንድ እርምጃ ከኋላዬ ሲከተለኝ ጉልበቱን ያመመው መስሎኝ ነበር።

"ነጭና ጥቁር፣ አባባ" አለ ሻጩ ዝግ ብሎ።

"ነጩን ስጠኝ።" ካርቶኑን እየዳሰሰ፣ "ነጭ ነገር ገና አልከዳኝም" አለ።

ሻጩ ዕቃውን ሲጠቀልል ሂሳቡን ከፈልኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከክረምቱ ወዲህ ነው አለኝ። ሐኪም ቤት ብቻውን ሄዷል፤ ባለበት እንዲቆይ እንሞክራለን እንጂ የጠፋው አይመለስም ብለውታል። ለእኔ የሚነግርበት ደህና ቀን ሲፈልግ ነው የከረመው።

ከሱቁ መውጫ አራት ደረጃ አለ፤ መደገፊያ የለውም። ክንዱን ልይዘው እጄን ስዘረጋ በቀስታ ገፋ አደረገው።

"አትያዢኝ። ቀድመሽ ውረጂና አውሪኝ፤ ድምፅሽን ተከትዬ እመጣለሁ።"

አንድ ደረጃ ወረድኩ። መንገዱን ቃኘሁ።

"ማዶ" አልኩ፣ "የጭነት መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች ትልቅ ፍራሽ እያወረዱ ነው። ፍራሹ መሃሉ ላይ እየታጠፈ አስቸገራቸው። የፊተኛው ሳቁ አላሠራው ብሏል።"

ጫማው ከኋላዬ ደረጃውን ሲነካ ሰማሁ።

"ሌላኛውስ?" አለ አባቴ።